የምትፈራ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ወዲያ፣ ደረጃው ሥር፣
ሦስት ካርቶን ልብ ወለድ ዘርግቼ አከራይ ነበር፤
በቀን አምስት ብር።

አትጠገብ ትመጣለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣
ደብተሯን በደረቷ አቅፋ፣ ድምፅ ሳታሰማ የምትተነፍስ።
«ጨዋ ልጅ» ይላታል ሰፈሩ በሙሉ፤
ውኃ በሚመጣ ቀን ጀሪካኗ ይቀድማል ከሁሉ።
ለታናሾቿ የቤት ሥራ፣ ለአባቷ የስኳር መድኃኒት፣
ለእናቷ «አቤት»፣ ጧት «አቤት»፣ ማታ «አቤት»፣ እኩለ ሌሊት።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ መርጣ የምትወስደው
ሽፋኑ የተላጠው፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘው፣
የክፉዪቱ ንግሥት ታሪክ ነው፦
የሰውን ጥላ ቆርጣ በግብር የምትሰበስብ፣
ወንድሟን ጉድጓድ ከትታ፣ ክዳኑ ላይ ተቀምጣ የምታነብ፤
«ሰባት ከተማ አቃጠልሽ» ሲሏት
«ስምንት» ብላ የምታርም፤
ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም።

ወሰደች። መለሰች። ደግማ ወሰደች።
በአራተኛው፣ «ምን አገኘሽባት?» አልኳት፤ ሣቅ አለች፤
«ደጓ ልዕልትማ፣ ጋሼ፣ እኛም ቤት አለች፤
ስታጥብ ትውላለች።
ይቺኛዋ ግን ሲጠሯት አቤት አትልም።»
ሌላ አላለችም።

ያን ማታ መብራት ጠፋ። በስልኬ ብርሃን ገለጥኳት፤
ሐሳቤስ ልገሥጻት ነበር፣ ጥፋቷን ለቅሜ ልከሳት።
ገጽ አርባ ላይ ግን፣ ከግንቡ እንድታመልጥ፣
ዘበኞቹን አብሬያት እቆጥራለሁ፣ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ።
(ግንቡ የማን እንደሆነ ደራሲው አልነገረኝም፤
እኔ የፋሲልን ግንብ ነው ያየሁት፣ ሌላ ግንብ አላውቅም።)

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። እንዲህ ይለኛል፦
«ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ፊቱን ሰጥቶ ይሣላል።
ኃጥእ ግን በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል።»
«ለምን?» አልኩት።
«እንዳያይህ፤
ዓይን ለዓይን ከተያያችሁ ያሳዝንሃል።»

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ምሳ ሲሄድ ብሩሹን አነሣሁ፤
ከግድግዳው ግርጌ፣ በኔ ቁመት፣ ጅራፍ የያዘ ወታደር አየሁ፤
ሁለተኛ ዓይን ሣልኩለት።
ቦታ ስላጣሁ ጆሮው ሥር አስቀመጥኩለት።
አባቴ በጥፊ አለኝ።
ያቺን ዓይን ግን፣ እንጃ፣
እስከ ሦስት ቀን አላጠፋት።

መጽሐፉም ሌላ ተንኮል የለው፤ ፊቷን ነው ያዞረልን።
«ቢሆንም» አልኳት ለአትጠገብ፣ «ያቃጠለቻቸውን ከተሞች ማን አሳየን?
ስም እንኳ የላቸውም።»
አሰበች። «እኔን የምትመስል ልጅ እዚያ ውስጥ ፈልጌ ነበር፤
አላገኘሁም።»
ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፣ የሰሞኑን ሌሊት አነሣች፤
ተኩስ ሲሰማ፣ አልጋ ሥር፣ የወንድሞቿን ጆሮ ይዛ ያደረች።
«ሁልጊዜ የምትፈራ ልጅ ነኝ» አለች፣ አላልታ።
«አንድ ሌሊት እንኳ የምትፈራ ልሁን» አለች፣ አጥብቃ።
በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም።
ለዚህ ይሆናል የምታነበው።

በመጨረሻ ስትመልሰው፣ የመጨረሻዋ ገጽ የለችበትም፤
ንግሥቲቱ ተንበርክካ ምሕረት የምትለምንባት።
«ሳገኘውም እንዲህ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።
በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ውሸት ትመስለኛለች፤
አላማረችባትም፣ አልከፋችባትምም።
ዓይን ለዓይን ተያየን።
የቅጣቱን አሥር ብር ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ከላይ፣ ከመንገዱ፣ እናቷ ተጣራች፦
«አትጠገብ!»
ዝም።
«አንቺ አትጠገብ!»
ዝም፤ የደብተሯን ጠርዝ እየዳበሰች።
በሦስተኛው፣
«መጣሁ» አለች።